ነፍሰ ጡር ሚስት ይዞ ስለ መዛወር



የአንባብያን ደብዳቤ በሚወጣበት በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማቀርበው ግን በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ሲወራ የሚውል፣ ወደ ጋዜጣ ግን እምብዛም የማይደርስ ጉዳይ ነው። ይኸውም ወጣት ባልና ሚስት ሁለቱም የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚጠባበቁበት ጊዜ ስለሚደርስባቸው የቤት መለዋወጥና የመንገድ ድካም ነው። ነገሩ የራሴ ስለ ሆነ አሳምሬ ልጽፈው አልችልም፤ እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

የምኖረው በሰሜን ወሎ በጎብዬ ነው። ጎብዬን የማያውቅ አንባቢ ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደውን ዋና ጎዳና ያስብ፤ ዶሮ ግብርን አልፎ ሮቢት ሳይደርስ፣ በግራና በቀኝ የራያ ሜዳ ማሽላ ተዘርግቶ የሚታይበት ትንሽ ከተማ ነው። ፀሐዩ ብርቱ ነው። እኔ የግብርና ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህርት ናት። እርሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ስለዚህ ቆላውን የለመደችው በግድ ነው።

የመጀመሪያውን ልጃችንን በምንጠባበቅበት ጊዜ የምንኖረው በሮቢት ነበር። ባለቤቴ አራተኛ ወሯን እንደ ያዘች እኔ ወደ ጎብዬ እንድዛወር ደብዳቤ ደረሰኝ። «ሮቢትና ጎብዬ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ይህም ዝውውር ተብሎ ያስከፋል?» ሲሉ የቀለዱብኝ ነበሩ። በኪሎ ሜትር ቢቆጠር እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የሰው ኑሮ በኪሎ ሜትር አይለካም። ባለቤቴ ክትትል የጀመረችበት ጤና ጣቢያ፣ ጠዋት ጠዋት የምታጽናናት ጎረቤት፣ ውሃ የሚያመጣላት ልጅ፣ ይህ ሁሉ በሮቢት ቀረ። አልጋውን፣ ሣጥኑንና የወጥ ቤቱን ዕቃ በአህያ ጋሪ ጭነን፣ እርሷን በባጃጅ አሳፍሬ ጎብዬ ገባን። ባጃጅ በጉድጓድ መንገድ ላይ ነፍሰ ጡርን ምን እንደሚያደርጋት ያየ ሰው ቀልዱን ይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከቋሚ የሥራ ቦታዋ ውጪ እንዳይመድባት ይከለክላል፤ ሥራው ለጤናዋ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ሲያረጋግጥ ብቻ ቦታዋ ይለወጣል። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ ደንቡም ለሌላው ሠራተኛ እንጂ በቀጥታ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የተጻፈ ባይሆንም አሳቡን ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ሴቲቱን አታዛውሩ እያለን ባልዋን ስናዛውር ምን አደረግን? እርሷ ተከትላ መጥታ የለምን? አለዚያም ብቻዋን ቀርታ የለምን? የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የአንድን ሠራተኛ ፋይል ሲያነሣ አንድ ሰው ብቻ ያነሣ ይመስለዋል። እኔ በበኩሌ የባልም ዝውውር ቢያንስ ሚስቱ እስክትወልድና እስክትጠነክር ድረስ ሊቆይ ይገባዋል እላለሁ። ሥራው በዚያን ያህል ጊዜ ቢዘገይ የሚፈርስ ከሆነ ከቀድሞውም አልቆመም ነበር።

ወደ ቤቱ ነገር ልመለስ። በጎብዬ የመጀመሪያው የተከራየነው ቤት ከዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነበር። ከባድ መኪና ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ኮርኒስ ስለሌለው ከቀትር በኋላ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል። እንዲህም ሆኖ ደስ ብሎን ነበር። የባለቤቴ ሆድ ገፍቶ መታየት በጀመረበት ሳምንት ግን አከራያችን በጨዋ ቋንቋ፣ «ልጆቼ፣ እኛ ልጅ ያለው ተከራይ አልለመድንም» አሉን። ምክንያቱን ብጠይቅ ውሃው ነው አሉ፤ የሽንት ጨርቅ ሲታጠብ ለግቢው የሚመጣው ውሃ አይበቃም። በሌሊትም ልጅ ያለቅሳል። ኋላ ሌላ ቤት ፍለጋ ስዞር ይህን ቃል ከአራት ግቢ ሰማሁ። አንዱ ጭራሽ፣ «ነፍሰ ጡር ናት ወይስ ወፍራም ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ የሌለው ተከራይ የሚፈልግ አከራይ ሁሉ የራሱን ልጆች በዚያው ግቢ ሲያሳድግ ማየት ያስቃል፤ እኔ ግን በዚያን ጊዜ አልሳቅሁም።

በ2016 ዓ. ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የሚሠራው ግን በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው። እንደ ጎብዬ ባለ ትንሽ ከተማ የምንኖር ተከራዮች ውላችን የአከራዩ ቃል ነው። ሆድ የገፋች ሴት የተጻፈ ውል በእጇ ቢኖር ኖሮ በስድስተኛ ወሯ ዕቃ አትሸክምም ነበር።

በመጨረሻ እትዬ የምንላቸው አንዲት ባልቴት ተቀበሉን። «ልጅ የሌለበት ግቢ መቃብር ነው» አሉ፤ ኪራዩንም አልጨመሩብንም። ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ጥላ ያለው ትልቅ ዛፍ ነበረው። የመጀመሪያውን ምሽት አጎበር የሚሰቀልበት ሚስማር የመቱልን እርሳቸው ናቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በደጋ ያደገ ሰው ለወባ ባይተዋር ነው፣ በእርግዝና ጊዜ ወባ የያዛት ሴት ደግሞ ደሟ ያንሳል፣ ልጁም ክብደቱ ቀንሶ ሊወለድ ይችላል። እንዲህ በአምስት ወር ውስጥ በሦስት ቤት ኖርን ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተታችን ደረስሁ። በአገራችን ልማድ ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው። ገንፎውን የምታገነፋው፣ አራሷን የምታጥበው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲባል ደጅ ቆማ እንግዳ የምትቀበለው እናት ናት። ይህን ልማድ የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ልማዱ የተሠራው ሙሽራ ከጎረቤት ቀበሌ በምትመጣበት ዘመን ነበር፤ የእናቷ ቤት በግማሽ ቀን መንገድ ነበረ። ዛሬ የደብረ ብርሃን ልጅ ለራያ ታገባለች፣ የጎንደሩ በሐዋሳ ይቀጠራል። ልማዱ ሳይለወጥ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ።

ባለቤቴ በስምንተኛ ወሯ ወደ እናቷ እንድትሄድ ተስማማን። እኔም ፈቃድ ወስጄ ላደርሳት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ዕቃችን ከመዛወሩ የተነሣ ገና በጆንያ እንዳለ ነበር። ወልድያን፣ መርሳን፣ ሐይቅን፣ ደሴን አለፍን። ኮምቦልቻ ስንደርስ እግሯ አብጦ ጫማዋን አወለቀች። አውቶቡሱ በየሁለት ሰዓቱ ቢቆምና ወርዳ ብትንጎራደድ መልካም ነበር፤ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ በእርግዝና ጊዜ በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋልና። ግን ሾፌሩን ማን ይደፍራል? ብዙዎቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡርን የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ከ36ኛው ሳምንት በኋላም አያሳፍሩም። የእኛ መናኸሪያ የሚጠይቀው የሻንጣ ክብደት ነው። ከሚሴን እንዳለፍን ራሴን አመመኝ አለች። ሸዋ ሮቢት፣ ማለት የእኛ ሮቢት ሳይሆን የሸዋው፣ ስንደርስ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ ይልባት ጀመር፤ ወረድን።

በጤና ጣቢያው ያገኘናት አዋላጅ ነርስ የደም ግፊቷን ለካችና 140 በ90 ነው አለች። ቀጥላ፣ «ከዚህ በፊት ስንት ነበር? ካርዷን አምጡ» አለችን። ሁለታችንም ተያየን። ካርዱ ጎብዬ፣ ከድስትና ከምጣድ ጋር በጆንያ ውስጥ ነበር። ሁለት የተማርን ሰዎች፣ አንዳችን ልጆች የምታስተምር፣ አንዳችን ገበሬ የምመክር፣ በሕይወታችን ከሁሉ የሚበልጠውን ወረቀት ከእንጀራ ምጣድ ጋር አስረን ሄድን።

እትዬ ዘንድ ስልክ ደወልሁ። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ጆንያውን ፈትተው ካርዱን አገኙትና አምስተኛ ክፍል የሚማረውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ ልጁ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበልን። «110 ይላል፣ ከሥሩ 70 ይላል፤ ቀጥሎ 110 በ75።» አዋላጇ ፊቷ ተለወጠ። ቁጥሩ ቀድሞም እንደዚያው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ እንዲህ መውጣቱ ግን አደጋ መሆኑን አስረዳችን። ሽንቷን መረመሩ፣ በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ሌሊቱን ሁሉ ለኩላት። ሲነጋ ግፊቱ ወረደ። ከዚያ ወደ ኋላ መመለሱ ሦስት እጥፍ ይርቅ ስለ ነበር፣ የጣርማ በርን ዳገት በትንሽ መኪና ቀስ ብለን ወጥተን ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ገባች። ወሯን ጨርሳ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች።

ይህን ስናገር የሚመልሱልኝ ወዳጆች አሉ። «እናቶቻችን ማሳ ላይ ወልደው የለምን?» ይሉኛል። ወልደዋል። ያልተመለሱትስ? በ2008 ዓ. ም. የተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች ይሞቱ እንደ ነበር ገምቷል። በዚያው ጥናት በጤና ድርጅት የወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ. ም. በተደረገው አጭር ጥናት ግን 48 ደርሰው ነበር። በእኛም አገር ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ. ም. ጦርነቱ ቆቦንና ወልድያን በያዘ ጊዜ ሴቶች ያለ ሐኪም፣ ያለ ካርድ፣ በሽሽት ላይ ወልደዋል። እነዚያ የወለዱት ተገድደው ነው። ሰላም ሳለ፣ መኪናም ሳለ፣ ሰው በፈቃዱ እንዲህ ያለ መንገድ ለምን እንደሚመርጥ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

እኔ ልጄን ባየሁ በጥቂት ቀን ውስጥ ፈቃዴ አለቀ። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ለእናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ለእኛ ከዚህ ይሻላል። ሦስት ቀን ከጎብዬ ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ ይበቃል፤ ለአባትነት ግን የሚተርፍ የለውም። ብቻዬን ተመልሼ በጆንያው መካከል ተቀመጥሁ፤ ቀጥሎ ልጄን ያየኋት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ነው። አንገቷ ጠንክሮ አገኘሁት። እንዴት እንደ ጠነከረ አላየሁም።

ዘንድሮ ባለቤቴ እንደ ገና ነፍሰ ጡር ናት። በዚህ ጊዜ የተከራከርነው ከእርሷ ጋር ሳይሆን ከእናቷ ጋር ነው። «እኔ ጓሮዬንና ላሜን ለማን ትቼ ነው ቆላ የምወርደው?» አሉ። እኔም በአክብሮት፣ «እማማ፣ ላሚቱ ጎረቤት ያልባታል፤ ልጅዎን ግን አውቶቡስ ውስጥ ማን ያዋልዳታል?» አልኋቸው። ለሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። ኋላ ገብስ ማስፈጨታቸውንና ቅቤ ማንጠራቸውን ሰማን፤ ስለዚህ የሚመጡ ይመስለኛል። ርቀው በገጠር ለሚኖሩ ደግሞ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠርቷል፤ ምጥ እስኪመጣ ሴቲቱ እዚያው ትቆያለች፣ ገንፎም ይገነፋላታል። የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ይህ ለእኔ አይደለም ብላ የምታፍርበትን ምክንያት አላውቅም።

ካርዱን በተመለከተ፣ ከበሩ አጠገብ በሚስማር ተሰቅሏል። ባለቤቴ በስልኳም ፎቶግራፍ አንሥታዋለች፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእናቷ ልካለች።

የቀረን የቤቱ ነገር ነው። የእትዬ ክፍል ለሦስት ሰው ጠቧል፤ አማቴ ሲመጡ አራት፣ ሕፃኑ ሲወለድ አምስት እንሆናለን። በጎብዬ ኮርኒስ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የሚያከራይ ሰው ይህን ደብዳቤ ካነበበ እንድንነጋገር እለምናለሁ። ልጅ አለን፤ ሌላም እየመጣ ነው፤ የሽንት ጨርቅ ይታጠባል፤ ሌሊትም ይለቀሳል። ኋላ አልሰማሁም እንዳይባል አስቀድሜ አስታውቄአለሁ።

አንድ የግብርና ሠራተኛ
ከጎብዬ