የንግድ ገንዘብ የራሱ ቤት ይኑረው

በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር አጠገብ፣ በማርሳቢት ካውንቲ ሞያሌ አካባቢ በምትገኘው ኡራን፣ ሀብት ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው በአራት እግሩ የሚሄደው ነው። ከብቱ፣ ግመሉና ፍየሉ የቤተሰብ ቀለብና የክፉ ቀን መጠባበቂያ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ዝናብ 5 ወቅት በተከታታይ በመጥፋቱ፣ በኬንያ ደረቅ ካውንቲዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል። ከዚህ መቅሠፍት የተረፈውን ሸጦ ሱቅ ለመክፈት ወይም ወተት ለመነገድ የሚነሣ ሰው፣ በእጁ የያዘው ጥሬ ገንዘብ የመጨረሻ ጥሪቱ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ጥሪት በሣጥን ቢቀመጥ ሌባና እሳት ያሠጉታል። በድንበር ላይ ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር ኖቶች ሲለወጡ የመለወጫው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሣጥን የተረሳ አሮጌ ኖት ተራ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አዲስ ንግድን የሚያጠፋው ግን የሱቁና የጓዳው ገንዘብ በአንድ ኪስ መደባለቁ ነው። የዕለቱ ሽያጭ ለራት፣ ለልጆች ትምህርትና ለዘመድ ችግር ሲውል፣ ነጋዴው የበላው ትርፉን ይሁን ዋናውን ሳያውቅ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤም-ፔሳ ገንዘብ ማስተላለፍን አቅልሏል፤ ነገር ግን ቤተሰቡም ደንበኛውም በአንድ የስልክ ቁጥር የሚገለገሉ ከሆነ ያው አንድ ኪስ ነው።

መፍትሔው ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ መክፈት ነው። በኬንያ ከራሱ ስም ውጭ በሌላ ስም የሚነግድ ሰው የንግድ ስሙን አስቀድሞ ያስመዘግባል። ከዚያም የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያውንና የግብር ከፋይነት ቁጥሩን ይዞ ይቀርባል፤ የካውንቲውን የንግድ ፈቃድም አብሮ ቢይዝ ይበጀዋል። ሽርክና ከሆነ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፊርማ እንዲሆን አስቀድሞ መስማማት ከኋላ ጠብ ያድናል። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድን የሚሸሽም አማራጭ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለወለድ የሚሠሩ ባንኮች በኬንያ ተቋቁመዋል። ባንክ ቢወድቅ እንኳ የኬንያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ለአንድ አስቀማጭ እስከ 500,000 ሽልንግ ይከፍላል።

ከኡራን ሞያሌ ከተማ ድረስ መመላለስ ወጪና ድካም እንዳለው የታወቀ ነው። ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈት በፊት በቅርብ የባንኩ ወኪል መኖሩንና ገንዘብ ሲወጣ የሚቆረጠውን ክፍያ መጠየቅ ብልህነት ነው።

ከሠራዊቱ በጡረታ ተሰናብቶ ንግድ ለሚጀምር ወታደር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የክፍሉ ቀለብና የወታደሩ ደመወዝ በአንድ መዝገብ እንደማይያዙ ያውቃል። ለራሱ የወር ድርሻ ወስኖ ከዚያ በላይ ከሱቁ አለመንካት ይኸው ሥርዓት ነው።

ይህ ምክር መረዳዳትን ለማስቀረት የታሰበ አይደለም። ቦረናዎች ከብቱ ያለቀበትን ወገናቸውን ቡሳ ጎኖፋ በተባለው ሥርዓታቸው መልሰው ያቋቁማሉ፤ ይህም የሚከበር ልማድ ነው። ዳሩ ግን ጥሪቱን የጨረሰ ሰው ነገ ለማንም ሊደርስ አይችልም። እረኛ የምትታለብ ላሙን ለአንድ ቀን ራት እንደማያርድ ሁሉ፣ ነጋዴም የንግዱን ዋና ገንዘብ ከዕለት ፍላጎቱ ለይቶ ሊጠብቅ ይገባል።