ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቅሬው ይድረስ
መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ትምህርቱ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይቀጥል ቢባልም፣ በደቡብ ወሎ በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ እንዳሉት ባሉ የገጠር መንደሮች ሬዲዮ የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ያለውም ልጅ ቢሆን ያልገባውን ሬዲዮኑን መልሶ ሊጠይቀው አይችልም። በሮቹ በተከፈቱ በዓመቱ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ደቡብ ወሎ ገብቶ ክፍሎቹን ዳግም ባዶ አስቀራቸው። ስለዚህ ለሚቀጥለው መዘጋት ከአሁኑ እንዘጋጅ፤ ወሎ ለዚህ ቅሬ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላት። ቅሬ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተቸገረ ቀድሞ ያውቃል፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም። ከትምህርቱ የተለየን ልጅስ ለምን ይተወዋል? እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከአካባቢው ቅሬዎች ጋር ዛሬውኑ ይስማማ፦ የትኛው መምህር የትኛውን መንደር እንደሚጎበኝ፣ የትኞቹ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ደጅ ላይ ተራርቀው እንደሚያስጠኑ፣ መጽሐፉ በማን እጅ እንደሚደርስ ይወሰን። ከሁሉ በላይ፣ ትምህርት ሲቋረጥ ያለዕድሜያቸው ሊዳሩ የሚችሉትን ልጃገረዶች የቅሬው ሽማግሌዎች በስም ይወቋቸው፤ በሩ ሲከፈትም አንድም ሳትቀር መመለሷን ያረጋግጡ።