የመመለሻው ወንበር አስቀድሞ ይታሰብ

መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ከባይኮኑር የተነሳችው የሩሲያ መንኮራኩር ሶዩዝ ኤምኤስ-22 ሩሲያውያኑን ሰርጌ ፕሮኮፒየቭን፣ ዲሚትሪ ፔቴሊንንና አሜሪካዊውን ፍራንክ ሩቢዮን ይዛ ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደረሰች። የዩክሬን ጦርነት ሰባት ወር ሊሞላው ነበር። ዋሽንግተንና ሞስኮ በተኳረፉበት በዚያ ወቅት ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የወጡት የሁለቱ አገሮች የጠፈር ድርጅቶች ናሳና ሮስኮስሞስ በዚያው ክረምት በተፈራረሙት የመቀመጫ ልውውጥ ነው። ዝግጅት ክፍላችን ልውውጡን ይደግፋል፤ ጎዶሎው ግን ሦስት ወር ሳይሞላ ታየ።

ታኅሣሥ 6 ቀን የሶዩዟ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወደ ጠፈር ይረጭ ጀመር። ሮስኮስሞስ እንዳለው ራዲያተሩን የበሳው ደቃቅ የጠፈር ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳው አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሦስት ሰው ጭና ብትወርድ ውስጧ በሙቀትና በእርጥበት ይታፈናል ተብሎ ተፈራ። እሳት ቢነሳ ወይም አየር ቢያፈተልክ ደግሞ ከጣቢያው የሚሸሹት በእርሷው ነበር።

የተገኘው መላ ምን ነበር? በሩቢዮ ገላ ልክ የተቀረጸው የመቀመጫ ምንጣፍ ከሶዩዝ ተነቅሎ፣ ጣቢያው ላይ በነበረችው የስፔስ ኤክስ ድራገን ውስጥ ዕቃ በሚጫንበት ቦታ ተዘረጋ። ለሶዩዝ የተሰፋው የሩሲያ ልብሱ ግን ከድራገን መሣሪያ ጋር አይገጥምም። ሁለቱ ሩሲያውያን ከተበላሸችው መንኮራኩራቸው ጋር ቀሩ። ሩሲያ የካቲት 17 ቀን ባዶ ሶዩዝ ልካ ሦስቱንም መታደጓ ያስመሰግናታል። ለስድስት ወር የወጡት ሰዎች ግን ምድር የረገጡት በ371ኛው ቀን ነው።

ጣጣው የሩሲያ ብቻ እንዳይመስል የቦይንግ ስታርላይነር አለች። በ2016 ክረምት ሁለት ጠፈርተኞቿን ትታ ባዶዋን ተመለሰች፤ የእነርሱም ልብስ ለድራገን የተሠራ አልነበረም። ሁለቱ እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጠበቁ።

የሁሉም መንኮራኩሮች ወንበርና ልብስ እርስ በርስ እንዲገጥም ማድረግን ወጪውና የቴክኖሎጂ ምስጢር ያግዳሉ የሚሉ አሉ። ወጪው እውነት ነው። የምስጢሩ ነገር ግን አያሳምነንም፤ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አፖሎና ሶዩዝ ጠፈር ላይ የተገጣጠሙበትን መያያዣ ሁለቱ ባላንጣዎች፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት፣ ተመካክረው ነድፈውታል፤ አንዱ ዓላማውም አንዱ የሌላውን ሰው ከአደጋ እንዲያወጣ ማስቻል ነበር። በራፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከተስማማ፣ ወንበሩና የልብሱ ቱቦ የማይስማሙበት ምክንያት አይታየንም።

የአሁኑ ጣቢያ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ገደማ እንዲያገለግል ታቅዷል፤ ተተኪዎቹም ገና በዝግጅት ላይ ናቸው። ለውጥ የሚረክሰው ዛሬ ነው። ናሳና ሮስኮስሞስ የመቀመጫ ልውውጡን ሲያድሱ፣ የአንዱ ጠፈርተኛ በሌላው መንኮራኩር ታስሮና ልብሱ ገጥሞለት የሚመለስበትን የጋራ መለኪያ በውሉ ያስገቡ፤ የግል ኩባንያዎችም ያለዚህ ሰው የመጫን ፈቃድ አይሰጣቸው።