የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ወላጆችም እፎይ የሚሉበት ቀን ይመደብላቸው

በአርሲ ደጋ የክረምት አረም ቀጠሮ አይሰጥም። ስንዴው ሲያድግ ሙጃውና ስናሩም አብሮ ስለሚያድግ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ማሳ ላይ ይውላሉ። በዚህ ወቅት መቆም የማይችል፣ የአእምሮ እድገቱ የዘገየ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የሚገኝበት ቤት እንዴት እንደሚውል ጠይቆ የሚያውቅ የቀበሌ መሪ ስንቱ ነው?

የእናትየዋ ምርጫ ጥቂት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ማሳ ትወርዳለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ ደግሞ ታላቅ እህቱን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ታስጠብቃለች፤ ይህም ካልሆነ በር ዘግታበት ትሄዳለች። ከምሰሶ ጋር ታስሮ የሚውል ልጅም አለ። እንዲህ የምታደርግ እናት ጨካኝ ናት ተብላ ትታማለች። ይሁን እንጂ ልጁ ምድጃ ውስጥ እንዳይወድቅ ብላ ያሰረችው ያችው እናት፣ ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ተነሥታ የምታገላብጠውም እርሷው ናት። የሚያሳማት ነገር ካለ በመጀመሪያ የሚያሳማው አንድ ቀን እንኳ ሊጠብቅላት ያልመጣውን ጎረቤት ነው።

ጉዳቱ በማሳ ብቻ አይቀርም። እንዲህ ያለች እናት ገበያ የምትወጣው ሰው ስታገኝ ነው። ለቅሶ መድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ወይም መስጊድ መሄድ፣ ራሷ ታማ ጤና ጣቢያ መድረስ ሁሉ ይቀርባታል። ለቅሶ ያልደረሰ አባል በእድር ደንብ ይቀጣል። የእድሩ ዳኛ ምክንያቷን እያወቀ ደንብ ነው ብሎ ቅጣት ሲጽፍባት ደንቡ ከሰው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአንድ ስብሰባ ሊታረም የሚችል ጉዳይ ነው።

ቤተሰብን ለጥቂት ሰዓት ወይም ለጥቂት ቀን ከጥበቃ አሳርፎ፣ ልጁም በዚያው ጊዜ ከሌሎች ጋር ተጫውቶ እንዲውል የማድረግ አሠራር በሌሎች አገሮች በሕግ የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በሕዝቡ አጠራር ካዱ፣ በአሰላ የተቋቋመው በስዊድን እርዳታ ነበር፤ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም የዚያ ጊዜ ውጤት ነው። ይህችው ስዊድን በ1986 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከቤቱ ውጭ ለአጭር ጊዜ የሚቆይበትን ቦታ፣ ወላጁንም እቤቱ ድረስ መጥቶ የሚተካ ሰው ማግኘትን መብት አድርጋለች። በእንግሊዝም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የየአካባቢው አስተዳደር የቀን ጥበቃ፣ የሌሊት ጥበቃና የመዝናኛ ጊዜ እንዲያዘጋጅ በደንብ ተገዷል። የምርጥ ዘሩን ምክር ከስዊድን የተቀበለ አርሶ አደር ይህኛውንም ቢሰማ የሚቀርበት ነገር የለም።

በእኛም አገር ጉዳዩ ከሕግ ውጭ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 28፣ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሥልጠና፣ ምክርና የገንዘብ ድጋፍ እንዲያገኙ ሲል የጥበቃ እረፍትንም አብሮ ይጠቅሳል። ነገር ግን አንቀጽ ልጅ አያዝልም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1990ዎቹ ያቋቋሙት የጆይ የኦቲዝም ማዕከል ልጆችን በቀን ተቀብሎ በማስተማር ለብዙ ቤተሰብ መንገድ ከፍቷል። ከጭላሎ ግርጌ እስከ አዲስ አበባ ግን ሩቅ ነው። የደጋው እናት የሚደርስላት በእግር የሚደረስበት ብቻ ነው።

ለዚህ ሕንፃ መሥራት አያስፈልግም። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ባለበት ቀበሌ አዳራሹ ሥልጠና በሌለበት ቀን ባዶውን ይውላል። በሳምንት አንድ ቀን ለአራት ወይም ለአምስት ቤተሰብ ቢከፈት ይበቃል። ቀኑ የገበያ ወይም የአረም ቀን ይሁን፤ በበዓል ቀን የሚደረግ ጥበቃ ለፎቶግራፍ ያምር ይሆናል እንጂ ማሳ አያሳርምም። ጠባቂዎቹን እድሩ በተራ ይመድብ፤ ሁልጊዜም ከሁለት አያንሱ፤ አንድ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ለብቻው አይቀመጥ። ይህ የማንንም ስም ለማጉደፍ ሳይሆን ልጁንም ጠባቂውንም ለመጠበቅ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለጠባቂዎቹ ግማሽ ቀን ብታስረዳቸው ብዙ አደጋ ይቀራል። አንገቱን መሸከም የማይችል ልጅ ተጋድሞ አይጎረስም፤ ተደግፎ ቀና ብሎ፣ ለስላሳ ምግብ በትንሽ ማንኪያ፣ ዋጥ እስኪያደርግ እየተጠበቀ ይበላል። ራሱን መገልበጥ የማይችለው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ይገልበጥ፤ አለዚያ ገላው ይቆስላል። የሚጥል በሽታ ሲነሣ ክብሪት ማሽተት፣ በጥርስ መካከል ማንኪያ ማስገባት አጉል ልማድ ነው። ልጁን ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ በጎኑ ማስተኛት፣ አብሮትም መቆየት ነው፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን እናትየዋ ትጠየቅ። ልጁ ምን እንደሚያስፈራው፣ ውሃ ሲጠማው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ የምታውቅ እርሷ ናት።

ልጆቹም ተቆልፈው እንዳይውሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኳስ፣ ዘፈን፣ ችግኝ ማጠጣት፣ ጠቦት መመገብ ሁሉ ይቻላል፤ በአርሲ ደጋ ፈረስ ብርቅ አይደለምና ገራሙ ተመርጦ ሁለት ሰው ደግፎት አንድ ዙር የሚዞር ልጅ ወሬውን ለሳምንት ያወራል፤ አፍ ባይኖረው በዓይኑ ያወራል። የጎረቤት ልጆች አብረው ይጫወቱ። ቁጣ ነው፣ እርግማን ነው እያለ ልጁን የሚሸሽ ትልቅ ሰው አመሉን የሚተወው የራሱ ልጅ ከዚያ ልጅ ጋር ሲስቅ ሲያይ ነው።

ቀበሌው የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመንገድና የውሃ ጣጣ እያለበት ይህን ከየት አመጣችሁ የሚሉ መሪዎች እንደሚኖሩ አይጠረጠርም። አባባላቸው ከንቱ ባይሆንም ሒሳቡ ግን ተሳስቷል። ከሁለት የሥራ ጉልበት አንዱ ዓመቱን ሙሉ ቤት የታሰረበት አባወራ በጊዜው አያርምም፤ ማዳበሪያውንም የሚበላው ሙጃ ነው፤ ዕዳውም አይከፈልም። እማወራ ብቻዋን በምትመራው ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

በዚህ አገር ሰው ማሳረፍ አዲስ ነገር አይደለም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ኡልማ በሚባለው የአራስነት ጊዜ ዘመድና ጎረቤት የእናትን ሥራ ተካፍሎ እርሷን ያሳርፋል። ልጇ በእግሩ ቆሞ የማይሄድላት እናት አራስነቷ አሥር ዓመት ሙሉ አልወጣም፤ ጠያቂ ግን የመጣላት የመጀመሪያውን ወር ብቻ ነው።

የቀበሌ መሪዎች ከአረም በፊት አንድ ሥራ ቢሠሩ ይበጃል። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከእድር ዳኞች ጋር ሆነው እያንዳንዱን ጎጥ ይዙሩ፤ እንዲህ ያለ ልጅ የሚገኝበትን ቤት ይመዝግቡ። በሩ ላይ ቆመው «ልጅ አለ ወይ?» ብለው አይመለሱ፤ ብዙው ቤት የለም ይላልና። ገብተው ይቀመጡ፣ ቡናውን ይጠጡ፣ ከዚያ ይጠይቁ።