ተበዳዩ ነጠላውን ከማን ጋር ይቋጥር?

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሁለት ሰዎች በተጣሉ ጊዜ፣ ተበደልሁ የሚለው ወገን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጠራ የተጠራው ሰው እርምጃውን ገትቶ ይቆም ነበር። ከዚያም የከሳሽና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ፣ ሁለቱ እንደ ተቆራኙ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም አልልም፤ ዳኛው ለባለጸጋ ሊያደላ፣ ድኻውም ሙግቱ ሳያልቅ ስንቁ ሊያልቅበት ይችል ነበር። ነገር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ነበረ፤ ይኸውም በሕግ ስም የተጠራ ሰው «እኔ አልከሰስም» ብሎ መንገዱን መቀጠል ነውር መሆኑ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ በመኝታ ክፍላችን ከጓደኞቼ ጋር ያደረግነው ክርክር ነው። የክርክሩ አርእስት «ዓለም አቀፍ የልማት ባንክ ያበደረበት ሥራ ሕዝብን ቢጐዳ ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል ነበር። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኛችን «ባንኩ አበዳሪ ብቻ ነው፤ ዶማ የሸጠ ነጋዴ በዶማው ለተፈነከተ ሰው ካሣ ይክፈል አይባልም» አለ። አነጋገሩ አሣቀን፤ ለጊዜውም መልስ አጣን። እኔ ግን ነገሩ ከሐሳቤ ስላልወጣ፣ ያነበብሁትንና የደረስሁበትን ለተማሪውና ለመምህራኖቻችን ለማቅረብ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ የብድር ጠላት አይደለሁም። አገራችን በ1944 በብሬተን ውድስ ጉባኤ ከተገኙት 44 አገሮች አንዷ ነበረች፤ በ1945 የዓለም ባንክ አባል ሆነች፤ በ1950ም ለመንገድ ሥራና ለልማት ባንክ የሚሆን ብድር ተቀበለች። መንገድም ሆነ መብራት፣ ንጹሕ ውሃም ቢሆን ያለ ገንዘብ አይገኝም። ጥያቄዬ ብድሩ ይቅር ወይስ ይምጣ የሚል አይደለም። ጥያቄዬ ብድሩ የወደቀበት ሰው ማንን ይጥራ የሚል ነው።

በህንድ አገር፣ በጉጃራት ክፍለ ሀገር፣ በካች ባሕረ ሰላጤ ዳር ሙንድራ የሚባል ስፍራ አለ። በ2008 ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የተባለው፣ ለግል ኩባንያዎች የሚያበድረው የዓለም ባንክ ቡድን ክፍል፣ በዚያ ስፍራ በድንጋይ ከሰል ለሚሠራ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ 450 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። የማመንጫው ኀይል 4,000 ሜጋዋት ያህል ነው። በባሕሩ ዳር ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ብዙውን ወራት ጎጆ ቀልሰው ዓሣ የሚያጠምዱና የሚያደርቁ፣ የዝናቡ ወራት ሲገባ ወደ መንደራቸው የሚመለሱ ቤተሰቦች ነበሩ።

እነዚህ ዓሣ አጥማጆችና በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች አቤቱታ አሰሙ። እንደ አቤቱታቸው ቃል፣ ከማመንጫው የሚወጣው ሙቅ ውሃ ባሕሩን አሙቆ ዓሣውን አሸሸባቸው፤ የከሰሉ አቧራና አመድ በተሰጣው ዓሣና በቤታቸው ላይ ረገፈ፤ የጉድጓዳቸውም ውሃ ጨው ሆነ። በ2011 ኮርፖሬሽኑ ራሱ ላቋቋመው የአቤቱታ መርማሪ ቢሮ አመለከቱ። ቢሮውም መርምሮ በ2013 ባወጣው ዘገባ ኮርፖሬሽኑን ነቀፈው። ከነቀፌታው አንዱ፣ ሥራው ሲታሰብ በየወራቱ የሚመጡትንና የሚሄዱትን ዓሣ አጥማጆች እንደሚገባ አላማከረም የሚል ነው። አስተውሉ! በባሕሩ ዳር ለብዙ ጊዜ የኖሩ ሰዎች፣ ጎጆአቸው በክረምት ስለሚፈርስ ብቻ እንደሌሉ ተቈጠሩ።

ቢሮው እውነቱን ተናገረ፤ ነገር ግን ካሣ እንዲከፈል ለማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። ስለዚህ በ2015 ሰዎቹ የኮርፖሬሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝበት በዋሽንግተን ከተማ ክስ መሠረቱ። የኮርፖሬሽኑ መልስ አጭር ነበር፤ «እኔ አልከሰስም» የሚል ነበር። ለዚህም በ1945 የወጣውን የአሜሪካ ሕግ ጠቀሰ። ያ ሕግ ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ለውጭ መንግሥታት የሚሰጠውን ያህል ያለመከሰስ መብት ይሰጣል። የመጀመሪያው ፍርድ ቤትም፣ የይግባኙም ፍርድ ቤት ይህን መልስ ተቀበሉ።

ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በየካቲት ወር 2019 ዳኞቹ 7 ለ1 በሆነ ድምፅ ፍርድ ሰጡ። ፍርዱ እንዲህ ነው፤ የውጭ መንግሥታት ከ1976 ሕግ ወዲህ ለንግድ ሥራቸው ሊከሰሱ ይችላሉ፤ እንግዲህ የድርጅቶቹ መብት ከመንግሥታቱ ጋር እኩል ከሆነ፣ እነርሱም ፈጽሞ አይከሰሱም ሊባል አይቻልም። በዚያ ቀን ብዙ ሰው ደስ አለው። ደስታው ግን አልዘለቀም። ጉዳዩ ወደ ታች ተመልሶ በ2020 ሲታይ፣ ክሱ የተመሠረተበት አድራጎት በአብዛኛው የተፈጸመው በአሜሪካ ምድር አይደለም ተብሎ ተዘጋ፤ በ2021 በይግባኝ ጸና፤ በ2022ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደ ገና ለማየት አልፈቀደም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲከራከሩ፣ የዓሣው መሸሽና የውሃው መጨው ነገር አንድ ቀን እንኳ በዳኛ ፊት በማስረጃ አልተመረመረም። ክርክሩ ሁሉ ያለቀው በደጁ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ዶማ ልመለስ። ዶማ ሻጭ ገዢውን ተከትሎ እርሻው ድረስ አይሄድም፤ እንዴት አድርጎ እንዲቈፍር አያዝዝም፤ የቈፈረውንም አይመረምርም። ባንኩ ግን ይህን ሁሉ ያደርጋል። በሙንድራው የብድር ውል ኩባንያው አካባቢውንና ነዋሪውን ከጉዳት የሚጠብቅ ዕቅድ እንዲፈጽም ተገዶ ነበር፤ ባይፈጽም ኮርፖሬሽኑ ድጋፉን ሊያቋርጥ ይችል ነበር። ልጓሙ በእጁ ነበረ ማለት ነው። ልጓም የያዘ ሰው ፈረሱ ማሳ ሲያበላሽ «እኔ ተቀምጬበት ነበር እንጂ አልነዳሁትም» ቢል ማን ያምነዋል?

ሌላው ክርክር «ተጠያቂው ተበዳሪው መንግሥት ነው» የሚል ነው። መንግሥት ከኀላፊነት ያመልጣል የሚል የለም። ነገር ግን ተጠያቂው እርሱ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚከተል በጓቴማላ ታይቷል። የቺሾይ ግድብ በዓለም ባንክና በኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ብድር የተሠራ ነው። ከሚሰጥመው መሬት አንለቅም ባሉት የሪዮ ኔግሮ መንደር ሰዎች ላይ የመንግሥቱ ወታደሮችና ታጣቂዎች በ1982 ደጋግመው ወርደው ከ400 በላይ ነፍስ አጠፉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተረፉት ሰዎች ከ30 ዓመት በላይ ጮኹ። በ2014 የጓቴማላ መንግሥት ለተጐዱት ማኅበረሰቦች 154 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ለመክፈል ተስማማ። ከፋዩ እንግዲህ የጓቴማላ ሕዝብ ግምጃ ቤት ነው። አንዱን ግድብ በብድር ክፍያና በካሣ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው ያው ሕዝብ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ባንኮቹ የአቤቱታ በር ከፍተዋል። ይህም በር በችሮታ የተከፈተ አይደለም። በህንድ በናርማዳ ወንዝ ላይ በተሠራው የሰርዳር ሳሮቫር ግድብ ምክንያት የተፈናቃዮች ተቃውሞ በበረታ ጊዜ፣ የዓለም ባንክ ራሱ የሾማቸው ገለልተኛ መርማሪዎች በ1992 ከባድ ወቀሳ አቀረቡ። በ1993 ህንድ ቀሪው ብድር እንዲቀር ጠየቀች፤ በዚያው ዓመት ባንኩ የምርመራ ፓናል የሚባለውን የሦስት ሰዎች ጉባኤ አቋቋመ። የመጀመሪያው አቤቱታ ከኔፓል ስለ አሩን ግድብ በ1994 ቀረበ፤ በ1995 ባንኩ ከዚያ ሥራ ወጣ። እንግዲህ አቤቱታ ፍሬ የለውም ለማለት አይቻልም።

ዳሩ ግን የፓናሉ ሥልጣን ባንኩ የራሱን መመሪያ ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም የሚለውን መርምሮ ለባንኩ ዲሬክተሮች መናገር ነው። ይህም በአገራችን ጉዳይ ታይቷል። በ2012 ከጋምቤላ የተሰደዱ አኙዋኮች፣ ባንኩ ይረዳው የነበረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች መርሐ ግብር በግድ ከመሬታችን ካነሣን የመንደር ምሥረታ ጋር የተያያዘ ነው ብለው አመለከቱ። መንግሥት የመንደር ምሥረታው በፈቃደኝነት ነው ይል ነበር። በ2015 ይፋ የሆነው የፓናሉ ዘገባ በሁለቱ መርሐ ግብሮች መካከል የአሠራር ግንኙነት እንደ ነበረ፣ ባንኩም ከመመሪያዎቹ አንዳንዱን እንዳልጠበቀ ገለጸ። በመንደር ምሥረታው ተፈጸመ የተባለውን ግፍ መመርመር ግን የፓናሉ ድርሻ አልነበረም። አመልካቹ የጠየቀው ስለ መሬቱ ነው፤ የተመለሰለት ስለ መመሪያው ነው።

«ባንኮች ከተከሰሱ ለድኻ አገር ማበደር ይተዋሉ» የሚለውን ሥጋት አልንቀውም። በሙንድራው ፍርድ የተለየው አንዱ ዳኛም የድርጅቶቹ ሥራ እንዳይደናቀፍ ሠግቶ ነበር። ነገር ግን ሐኪም ሲሳሳት ስለሚጠየቅ ሕክምና አልቀረም፤ መሐንዲስ ቤት ቢፈርስበት ስለሚጠየቅ ቤት መሥራት አልቀረም። ይልቁንም ተጠያቂነት ሐኪሙንም መሐንዲሱንም ጠንቃቃ አደረጋቸው።

በእኔ አስተያየት መፍትሔው ከባንኮቹ ከራሳቸው ሥራ ሊወሰድ ይችላል። ባንክ ያለ ዋስትና አያበድርም። መሬቱን፣ ወንዙንና ባሕሩን ለልማት የሚሰጥ ሕዝብም እኮ አበዳሪ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ ያበደረው እርሱ ነው። ታዲያ እርሱ ያለ ዋስትና ለምን ያበድራል? ስለዚህ በእያንዳንዱ ብድር ውስጥ ጉዳት ቢደርስ ለካሣ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ። መርማሪው ጉዳት መኖሩን ሲያረጋግጥ ቃሉ ምክር ብቻ ሳይሆን ባንኩን የሚያስገድድ ይሁን። ሰነዱም ውሉ ከመፈረሙ በፊት በአካባቢው ሰው ቋንቋ ይነገር፤ አቤት ያለ ሰው በማለቱ እንዳይጠቃ ባንኩ በውሉ ውስጥ ግዴታ ያስገባ።

ይህ ሁሉ በሩቅ ያለ ጉዳይ የሚመስለው ተማሪ ካለ እጁን ይመልከት። ነገ የጥናቱን ወረቀት የምንጽፈው እኛ ነን። ከመካከላችን አንዱ መሐንዲስ ሆኖ ግድቡን ይለካል፤ አንዱ የኢኮኖሚ ሊቅ ሆኖ ትርፍና ኪሳራውን ያሰላል፤ አንዱም «ሕዝቡ ተማክሯል» በሚለው መስመር ላይ ይፈርማል። የሙንድራ ዓሣ አጥማጆች እንደሌሉ የተቈጠሩት በአንድ ጨካኝ ሰው ትእዛዝ ላይሆን ይችላል፤ የተማረ ሰው በችኮላ በሞላው ቅጽ ሊሆን ይችላል። የሕግ መምህራኖቻችን የእነዚህን ባንኮች የአቤቱታ ደንብ ቢያስተምሩን፣ እኛም በየቋንቋችን አሳጥረን ብንተረጕመው፣ ክረምት ወደየአገራችን ስንሄድ ይዘነው ለመሄድ የምንችል ቀላል ሥራ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ሳይባዛ አንብቦት «አሁንም ዶማዬን አልጣልሁም» ብሎኛል። መልሱን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ ለምኜዋለሁ። ነገር ግን ሲጽፍ አንድ ጥያቄ እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ። የባሕር ዳሩ ሰው ነጠላውን ይዞ ቆሟል፤ ኩባንያው ወደ መንግሥት፣ መንግሥት ወደ ባንኩ፣ ባንኩ ወደ መብቱ ያመለክታል። ታዲያ ይህ ሰው ነጠላውን ከማን ጋር ይቋጥር?