ድጋፍ በየእርከኑ፦ የመርካቶ ልጆች ትምህርትና የተደራጀው ነዋሪ ድርሻ

ትምህርት በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ መቅረቱ ወይም የሰፊው ሕዝብ መብት መሆኑ የሚመዘነው በትምህርት ቤቶች ብዛትና በተመዝጋቢዎች ቁጥር ብቻ አይደለም። ትክክለኛው መመዘኛ፣ በሩ ተከፍቶለት የገባው የሠርቶ አደሩ ልጅ የሚገባውን ዕውቀት ይዞ መውጣት መቻል አለመቻሉ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ ያለፉት ዓመታት አኀዞች የሚናገሩት ሐቅ መራራ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያስመዘገቡት 29,909፣ ይኸውም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይኸው ቁጥር በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ማሳለፍ አልቻሉም። መሻሻል መኖሩ አይካድም፤ ሆኖም ከአሥር ተፈታኞች ከዘጠኝ የሚበልጡት ከማለፊያው መስመር በታች መቅረታቸው፣ የተደራጀው ነዋሪና ሠራተኛ ጥያቄውን በጥሞና እንዲመረምር ግድ ይለዋል።

ውድቀቱ የት ተጀመረ?

ጉዳዩን በጥራዝ ነጠቅነት የሚመለከቱ አንዳንድ ወገኖች በተማሪው ስንፍና፣ ሌሎች ደግሞ በፈተናው ክብደት ያሳብባሉ። ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠቱ ግን ውድቀቱን አልፈጠረውም፤ ተሸፍኖ የነበረውን ገለጠው እንጂ። የችግሩ ሥር የሚገኘው በታችኞቹ ክፍሎች ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና የተቀመጡት ወጣቶች፣ ክፍል ሳይደግሙ የመጡ ከሆነ፣ ከእነዚህ ሕፃናት በሁለት ክፍል ብቻ የሚያንሱ ታናናሾቻቸው ነበሩ።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች፣ በተለይም ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል፣ ተማሪው በተከታታይ ምዘና እየታገዘ ሳይወድቅ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። የአሠራሩ ዓላማ ቅን ነው። ሕፃንን አንድ ዓመት ሙሉ በዚያው ወንበር ማስቀመጥ ብቻውን አያስተምረውምና። ነገር ግን ማለፉ ሲፈጸም ማገዙ በመዘንጋቱ፣ ፊደል ያልለየው ልጅ ወደሚቀጥለው ክፍል ተሸጋገረ፤ በዚያም ያልገባው በማይገባው ላይ እየተደራረበ ሄደ። ስለዚህ ጥያቄው «ይለፍ ወይስ ይድገም?» የሚል አይደለም። ጥያቄው «የቀረበት ምንድን ነው? ማንስ፣ መቼ ያሟላለታል?» የሚል ነው።

የመርካቶ ተጨባጭ ሁኔታ

ይህ ጥያቄ በአዲስ ከተማ፣ በተለይም በመርካቶ፣ ጎልቶ ይታያል። በፋሽስት ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደዚህ ሥፍራ ከተዛወረ ወዲህ፣ መርካቶ ከአገሪቱ ማዕዘናት ሁሉ የመጣ ወዝ አደር መሰባሰቢያ ሆኗል። በበርበሬ በረንዳ ቅመም የምትለቅም እናት፣ በምናለሽ ተራ ጣሳና ብረታ ብረት የሚቀጠቅጥ አባት፣ በእህል በረንዳ ኩንታል የሚሸከም ወጣት፣ በጎዳና ዳር ጉልት የምትቸረችር እህት የዚህ ሠፈር የጀርባ አጥንት ናቸው። የእነዚህ ሰዎች ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ በደረቴ ሊያዞር፣ የእናቱን ጉልት ሊጠብቅ ወይም ታናናሾቹን ሊይዝ ይችላል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር የሚያድር በመሆኑ ደብተር የሚዘረጋበት ሥፍራና ብርሃን ማግኘት ይቸግረዋል። ከቤቱ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ ጋሞኛ ወይም ኦሮምኛ እየተናገረ መጥቶ በአማርኛ ፊደል ሲቆጥር የሚገጥመው ችግር ደግሞ ሌላ ነው።

በዚያው ገበያ ውስጥ፣ ከዚሁ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍ የሚማር የባለጸጋ ልጅ አለ። ይህ ልጅ ሒሳብ ሲከብደው አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ ዓይኑ ሲደክም መነጽር ይገዛለታል፤ ንግግሩ ሲዘገይ ባለሙያ ዘንድ ይወሰዳል። እንግዲህ ተጨማሪ ድጋፍ የሚባለው ነገር በከተማችን ዛሬም አለ፤ ነገር ግን የሚገኘው እንደማንኛውም ሸቀጥ በገንዘብ ነው። የሠርቶ አደሩ ልጅ የሚደርሰው ለሁሉም የሚሰጠው የክፍል ትምህርት ብቻ ሲሆን፣ ያ ካልበቃው «ሰነፍ» የሚል ስም ይለጠፍበታል። በጭንቅላት ልዩነት የሚሳበበው የውጤት ልዩነት በአብዛኛው የድጋፍ ልዩነት መሆኑን መገንዘብ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

ሦስቱ እርከኖች

ድጋፍን በእርከን ማደራጀት ማለት ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው እርከን ለሁሉም ተማሪ የሚሰጠው ነው፦ ብቁ መምህር፣ በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ፣ የማይታጎል የትምህርት ሰዓትና ያልተራበ ሆድ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያስፋፋው የተማሪዎች ምገባ የዚህ እርከን አንድ ዓቢይ ምሶሶ ነው፤ ቁርስ ሳይቀምስ የመጣን ልጅ ፊደል ማስቆጠር ዘበት ነበርና። ሁለተኛው እርከን የመጀመሪያው ላልበቃቸው ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ በጎደላቸው ነገር ላይ ብቻ ያተኮረ እገዛ ነው። ሦስተኛው እርከን ይህም ላልበቃቸው ጥቂቶች ለእያንዳንዱ በነፍስ ወከፍ የሚደረግ ክትትል ሲሆን፣ የማየትና የመስማት ጉዳት ያለባቸውን፣ ከሥራ ብዛት የተነሣ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩትንና ቤተሰባቸው ድንገተኛ አደጋ የገጠመውን ያጠቃልላል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እንደደረሰው ያለ የእሳት ቃጠሎ የወላጆቹን መተዳደሪያ ያጠፋበት ልጅ፣ የሚያስፈልገው ተጨማሪ የንባብ ሰዓት ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ይህ አሠራር በሌሎች አገሮችም ተሞክሯል። በአሜሪካ በ2004 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ሕግ፣ ትምህርት ቤቶች አንድን ልጅ «የመማር ችግር አለበት» ብለው ከመፈረጃቸው በፊት በተደረገለት እገዛ ያሳየውን ለውጥ እንዲመለከቱ መንገድ ከፈተ። ፊንላንድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድጋፉን አጠቃላይ፣ የተጠናከረና ልዩ በማለት በሦስት ከፍላ ስትሠራ ቆይታ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደረጃጀቱን አሻሽላለች። ከዚህም ዘዴው በየጊዜው የሚፈተሽ መሣሪያ እንጂ የማይነካ ቀኖና አለመሆኑን እንማራለን።

ለእኛ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የሕንድ ልምድ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሙምባይ ከተማ የድሆች መንደሮች ሥራውን የጀመረው ፕራታም የተባለ ድርጅት፣ ልጆችን በዕድሜ ወይም በክፍል ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው ይመድባል። ልጁ ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ ወይም ታሪክ ማንበብ መቻሉ በጥቂት ደቂቃዎች ይፈተሻል፤ በየቀኑ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ከመሰሎቹ ጋር ሆኖ ካለበት ቦታ ይጀምራል፤ ሲሻሻል ወደሚቀጥለው ቡድን ይሻገራል። ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ጥቂት ሥልጠና የወሰዱ የሠፈሩ ወጣቶች ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚ ሳይንስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንን ዘዴ በጥናት መርምረው ውጤታማነቱን አረጋግጠዋል።

የራሳችን ልምድ

ይሁን እንጂ ትምህርቱን ከሩቅ ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ከተሰጧቸው ተግባራት አንዱ ከመንግሥት ጋር በመተባበር የትምህርት አገልግሎት ማደራጀት ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የመጀመሪያ ዙሩን በከተሞች ሲያካሂድ፣ ሥራው በእነዚሁ ማኅበራት ትከሻ ላይ ወደቀ። ዘመቻው በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋዎች ደርሷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኔስኮ በኩል ከሚሰጡት ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማቶች አንዱን አግኝቷል።

ዛሬ ልናስታውሰው የሚገባን ግን ከሽልማቱ ይልቅ አሠራሩን ነው። ጀማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ይፈተናል። ያለፈው ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ቀጣይ ንባብ ይሸጋገራል፤ ያላለፈው ወደ ማጥበቂያ ትምህርት ገብቶ እንደገና ይፈተናል። የወደቀው ጉልት ቸርቻሪ ወይም ኩሊ «አትችልም» ተብሎ አልተሰናበተም፤ ሳይችልም «አልፈሃል» አልተባለም። እርከን ማለት ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን የቀበሌ መዋቅር የቀይ ሽብር መሣሪያ ሆኖ የብዙ ወጣቶች ደም የፈሰሰበት መሆኑ የማይካድ ሐቅ ነው። ያንን የሚረሳ ሰው ስለ መደራጀት የመናገር መብት አይኖረውም። ዘመቻውም ቢሆን የራሱ ጉድለት ነበረበት። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል ቆጥሮ ምስክር ወረቀት ከተቀበለ በኋላ፣ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ከአራት ሰው አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ። ምክንያቱ በአንድ ቃል የሚገለጽ ባይሆንም፣ ጦርነቱና ድህነቱ እየበረቱ ሲሄዱ ቀጣዩ ንባብና ክትትሉ መላላታቸው ከዋናዎቹ አንዱ ነው። ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው ያጣ ሰው ፊደሉን ይረሳዋል። ዘመቻ ማስጀመር ይችላል፤ የሚያዘልቀው ግን ቋሚ አሠራር ነው።

ሊታረሙ የሚገባቸው ዝንባሌዎች

በአሁኑ ወቅት በድጋፍ ስም ከሚታዩት አሠራሮች ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ድጋፍን ወደ መጨረሻው መግፋት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያ ያላገኙ የተወሰኑ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ሬሜዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲያልፉ መደረጉ ለብዙ ወጣቶች ሁለተኛ ዕድል ሰጥቷል። ነገር ግን በ2ኛ ክፍል የጎደለን ንባብ በጥቂት ወራት ለመሙላት መሞከር እጅግ የዘገየና ውድ መንገድ ከመሆኑም በላይ፣ ከዚያ በፊት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሸክምና ሊስትሮ የገባውን ልጅ ፈጽሞ አያገኘውም።

ሁለተኛው፣ ማጠናከሪያ ትምህርትን ለፈለገ ሁሉ በአንድ አዳራሽ መስጠት ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ለላይኞቹ ተማሪዎች ጥቅም አለው፤ ሆኖም የሚመጡት በአብዛኛው ጊዜ ያላቸውና ቀድሞም የገባቸው ናቸው። ያልገባውና ሥራ ያለበት ይቀራል። ድጋፍ ተማሪውን ፈልጎ መሄድ ሲገባው፣ ተማሪው ድጋፍን ፈልጎ እንዲመጣ መጠበቅ ልዩነቱን ያሰፋዋል።

በሌላ በኩል እርከኑ ራሱ ወኅኒ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ልጅ በዝቅተኛ ቡድን ተመድቦ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ከቀረ፣ ድጋፉ ተገልብጦ ማግለያ ይሆናል። ስለሆነም ምደባው በየጥቂት ሳምንቱ መፈተሽ፣ የልጁም ስም በአደባባይ አለመለጠፍ አለበት። በጎ ፈቃደኛው ወጣትም የመምህሩ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። በሠለጠነ መምህር የማይመራ እገዛ ጉልበት ያባክናል፤ የመምህሩን የኑሮ ጥያቄ ሳይመልሱ ሸክም መጨመርም ዘላቂ አይሆንም።

ምን መደረግ አለበት?

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኙ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ እድሮች፣ የወላጅና መምህር ኅብረቶችና የሠራተኛ ማኅበራት ከወረዳ አስተዳደሮችና ከትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ።

በመጀመሪያ፣ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በመጀመሪያው ወር ንባባቸው አንድ በአንድ እንዲፈተሽ ወላጆች ይጠይቁ፤ የውጤቱ አኀዝም ያለ ልጆቹ ስም ለወላጆች ስብሰባ ይቅረብ። ችግሩን በቁጥር ያላወቀ ስብሰባ አጨብጭቦ ከመበተን አያልፍም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በሥራ ቀን ባዶ የሚውሉ የእድር ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ለሁለተኛው እርከን የንባብ ሰዓት ይከፈቱ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ወጣቶችና ጡረታ የወጡ መምህራን በትምህርት ቤቱ መሪነት ያግዙ። ሰዓቱም የገበያውን ውሎ ያገናዘበ ይሁን።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ነጋዴውና አሠሪው ግዴታውን ይወጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ሕጉ ከሚፈቅድለት ዕድሜ የደረሰው ወጣትም የማታ ትምህርቱን እንዲከታተል የሥራ ሰዓቱ ሊመቻችለት ይገባል። የሠራተኛ ማኅበራት ስለ ደመወዝ ሲደራደሩ የወጣት ሠራተኞችን የመማሪያ ሰዓትም የድርድር ነጥብ ቢያደርጉት ለነገው ሠራተኛ መደብ ጥንካሬ ይሠራሉ።

በመጨረሻም፣ ለሦስተኛው እርከን የቤት ለቤት ጉብኝት ይደራጅ። ልጅ ለሁለት ሳምንት ሲቀር አስቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። እድር ሐዘን ሲደርስ ድንኳን ይዞ እንደሚደርስ ሁሉ፣ ልጅ ከትምህርት ሲቀር ደርሶ «ምን ጎደለ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ አባል ቢመድብ ከባህሉ የወጣ ሥራ አይሆንበትም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የመርካቶ ሕዝብ በእቁብ ካፒታል፣ በእድር ደግሞ መድኅን የፈጠረ ሕዝብ ነው፤ ይህንኑ ችሎታውን ወደ ልጆቹ ንባብ ማዞር አያቅተውም። የሸክም ሠራተኛው ልጅ የሚያሻው ምጽዋት አይደለም። የባለጸጋው ልጅ በገንዘብ የሚያገኘውን ሁለተኛና ሦስተኛ እርከን እርሱ በመብቱና በማኅበሩ ጉልበት ማግኘት አለበት። ሥራው በ12ኛ ክፍል የፈተና አዳራሽ ሳይሆን በ2ኛ ክፍል ወንበር ላይ ይጀመር፤ የሚጀመረውም በመጪው የወላጆች ስብሰባ፣ ስንት ልጅ ማንበብ እንዳልቻለ በመጠየቅ ይሁን።