የኪሎው ዋጋስ? ግልጽ ደብዳቤ ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር

ለኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቷ ሲነገር እዚህ እንጅባራ ያለነውም ደስ ብሎናል። የ2016 ገቢ 1.43 ቢሊዮን ገደማ ስለነበር ጭማሪው የሚያኮራ ነው። ሆኖም የተላከው ቡና ራሱ ከ300 ሺህ ቶን ወደ 470 ሺህ ቶን ገደማ አድጓል። ገቢውን ለክብደቱ ሳካፍለው አንድ ኪሎ ቡና ከ4.80 ዶላር ወደ 5.60 ዶላር ገደማ ከፍ ብሎ አገኘሁት። በዚያው ጊዜ ብራዚልን የመታው ድርቅ የዓለምን የአረቢካ ዋጋ ከዚህ እጅግ በላቀ ፍጥነት አንሮት ነበር። ከጭማሪው የተላከው መጠን ማደግ ያመጣው ስንት ነው? የዓለም ገበያ የሰጠንስ? ጥራታችን ያስገኘው የትኛው ነው? በየዓመቱ የሚነገረን ቶንና ዶላር ይህን አይመልስም። የወጪ ንግዳችንን የአሥርና የሃያ ዓመት ጉዞ ለመገምገም የሚያስፈልገው ግን ይኸው መልስ ነው።

ጥራት ዋጋን እንደሚለውጥ ቡና ራሱ ምስክር ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ሲጀምር ለገበሬው የዋጋ መረጃ አድርሷል፣ ክፍያንም አስተማማኝ አድርጓል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ቡናው በደረጃ ተመድቦ ሲቀላቀል ግን የማን ማሳ፣ የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ መለየት ቀረ። ጥሩ አድርጎ የለቀመውም ያልተጠነቀቀውም በአንድ ክምር ገቡ። በ2009 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ አምራቹ በቀጥታ እንዲልክ መንገድ ከፈተ። በ2012 በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር ደግሞ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጠ። ሁሉም ቡና እንዲህ ይሸጣል ማለቴ አይደለም። ምርቱ ከነባለቤቱ ሲታወቅ ዋጋው ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ግን አይተናል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ ማራችን ብዬ ነው። ዞናችን አዊ የማር አገር ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ኑጉና አደይ አበባው ሲያብቡ ንቡ ይሠራል፤ ኅዳር ላይ ማሩ ይቆረጣል። ኢትዮጵያ በዓመት ከ50 ሺህ ቶን በላይ ማር በማምረት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ሊልኩ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር አስገብቷታል። በሩ ከተከፈተ ይህን ያህል ዘመን ቢሆነውም ወደ ውጭ የሚወጣው ከምርቱ እጅግ ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ጠጅ ይሆናል። ጠጅን አልነቅፍም፤ ለማራችን የማያቋርጥ ገበያ የሆነው እሱ ነው። ጠጅ ጣይ ግን ለተጣራ ማር ብላ የተለየ ዋጋ አትከፍልም፤ ሰፈፉ ቢኖርበትም ለእሷ ያው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሽያጭ ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት የማር እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ማሩ ሲሞቅ ወይም ሲያረጅ የሚጨምረው ኤችኤምኤፍ የተባለው ንጥረ ነገርም በመደበኛው በኪሎ ከ40 ሚሊግራም፣ ከሞቃታማ አገሮች ለሚመጣ ማር ደግሞ ከ80 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪትም ይመረመራል። አናቢው ማሩ በእንጀራው ላይ ታሽጎ እስኪበስል ቢታገሥ፣ ጭሱን ቢቀንስ፣ በንጹሕ ዕቃ ቢያጣራ የመጀመሪያውን መስፈርት ያሟላል። ዳንግላ ገበያ ሲደርስ ግን ማሩ በዓይንና በምላስ ይገመታል፤ ከጎረቤቱ ያልተጣራ ማር ጋር በተቀራረበ ዋጋ ተሸጦ አንድ በርሜል ውስጥ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይድከም?

ገበሬው ለውጥ አይቀበልም የሚል ሰው የዞናችንን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ይይ። አሲዳማ የሆነው መሬት ገብስና ስንዴ አልሰጥ ሲል፣ ደከረንስ ከተባለው ዛፍ የሚከሰለው ከሰል ደግሞ በአዲስ አበባ ገበያ ዋጋ ሲያወጣ፣ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮረብታውን ሁሉ ደን አለበሰው። ከባንጃ እስከ ፋግታ ያለው አገር መልኩ ተቀየረ። ኋላ የመጣው የዛፍ በሽታ ብዙዎችን ጎድቷል፤ በአንድ ምርት ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያስከትለውን አደጋም አሳይቷል። ዋጋ ወደ አዊ ገበሬ ጆሮ ሲደርስ እጁ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ግን ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ዓመታዊው የወጪ ንግድ ሪፖርት የእያንዳንዱን ምርት አማካይ የኪሎ ዋጋ ከዓለም ገበያ ዋጋ ጋር አነጻጽሮ፣ ቢያንስ የአሥር ዓመቱን ጎን ለጎን ያውጣ። ማር፣ ሰሊጥና ኑግ ከቡና ጥላ ሥር ወጥተው ለየብቻቸው ይታዩ። የጃዊ ሰሊጥ አምራችም የዚሁ ዞን ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ ለመጪው የኅዳር ቆረጣ በዳንግላና በእንጅባራ ማር በእርጥበቱ ተለክቶ በደረጃ የሚገዛበት ቦታ ይኑር። የማር እርጥበት የሚለካው ሪፍራክቶሜትር በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በደቂቃዎች ውጤት ይሰጣል። ለቀሪው ምርመራ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለልን፤ የጎደለውን መሣሪያና ዕውቅና ሚኒስቴሩ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ያሟላለት። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የዘለቀው ግጭት መንገዱን አስቸጋሪ እንዳደረገው አውቃለሁ። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ናሙና አዲስ አበባ ድረስ ላኩ ማለት አናቢውን አትሽጥ ማለት ስለሆነ፣ መለኪያው እዚህ መገኘቱ የበለጠ ያስፈልጋል።

ደረጃውና የየደረጃው ዋጋ በአማርኛና በአዊኛ ተጽፎ ገበያው መሐል ይለጠፍ። አናቢው ማሩን ከመቁረጡ በፊት ያንብበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንጅባራ ነዋሪ
አዊ ብሔረሰብ አስተዳደር